አበባ የሚልስ ቀበሮ፣ ሥጋ የሚበላ ቅጠል

ሥጋ በል አውሬ አበባ ይልሳል፤ አበባ የሚያብብ ተክል ደግሞ ሥጋ ይበላል ቢባል ተረት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሁለቱም እውነት ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸውም አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በዕፀዋት አካል ላይ የሚንጠባጠበው ጣፋጭ ውሃ ነው። ንብ ወደ አበባ ሄዳ የምትቀስመው ይህንኑ ስለ ሆነ ንብ አርቢው ቀሰም ይለዋል፤ በትምህርት ቤት መጻሕፍትም ኔክታር ተብሎ ይገኛል። ቀሰም ከምን እንደ ተሠራ፣ ተክል ስለ ምን እንደሚያዘጋጀው፣ አንዳንዱም ተክል እንዴት አድርጎ ወጥመድ እንዳደረገው መመርመር ለተማሪም፣ ለገበሬ አማካሪም፣ ማር ለሚወድ ሁሉም ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በደጋው ላይ

የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ክፍል በአንድ ወገን ወደ አባይ በረሃ ቁልቁል ይወርዳል፤ በሌላው ወገን ብርዱ ወደሚበረታበት ደጋ ሽቅብ ይወጣል። ከመካነ ሰላም ከተማ ብዙ ሳይርቅ፣ በቦረናና በሳይንት አካባቢ፣ የአገሩ ሰው ደንቆሮ ጫካ ብሎ የሚያውቀው ደን ይገኛል። ይህ ስፍራ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። ከታች ወይራውና ኮሶው፣ ከፍ ሲል አስታው፣ ከዚያም በላይ ጓሳውና ጅብራው በየተራቸው ይታያሉ። ጭላዳ ዝንጀሮ በገደሉ ጫፍ ሣር ይነጫል፤ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮም በዚሁ ደጋ አይጥ እያደነ ይኖራል። የቀይ ቀበሮ ቁጥር በአገሪቱ ተራሮች ሁሉ ተደምሮ፣ ለአካለ መጠን የደረሱት ብቻ ቢቆጠሩ፣ ከ500 የማይበልጥ ነው።

በወሎም፣ በሸዋም፣ በባሌም ደጋ አሸንዳ ወይም አበልቢላ የሚባል ተክል ይበቅላል። ቅጠሉ እንደ ሰይፍ የረዘመ ነው፤ ከመካከሉም አንድ ዘንግ ቀጥ ብሎ ይወጣና በጫፉ ላይ ቢጫና ብርቱካንማ ቀለም ያላቸው ብዙ ትንንሽ አበቦች ችቦ መስለው ይደረደራሉ። እርሱም እንደ ቀይ ቀበሮ የኢትዮጵያ ብቻ ሀብት ነው። የበግ እረኞች ልጆች አበባውን እየላሱ በጣፋጩ ይደሰታሉ።

በ2024 ዓ.ም. ሳንድራ ላይ፣ ክላውዲዮ ሲሌሮ ዙቢሪና ባልደረቦቻቸው በባሌ ተራራ ያዩትን ኢኮሎጂ በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አወጡ። ቀይ ቀበሮዎች ወደ አሸንዳው እየተጠጉ በምላሳቸው ቀሰሙን ሲልሱ አይተዋል፤ አንዳንዱም ቀበሮ በአንድ ጉዞ እስከ 30 አበቦች ድረስ ጎብኝቷል። ከአበባው ሲለይም አፍንጫው በብናኝ ተሸፍኖ ነበር። ስለዚህ ቀበሮው እንደ ንብና እንደ ወፍ የአበባውን ብናኝ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያደርስ ይችል ይሆናል የሚል ሐሳብ ቀረበ። ትልቅ ሥጋ በል አውሬ እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራል ብሎ ከዚያ በፊት የገመተ አልነበረም።

ቀሰም ከምን ተሠራ?

ቅጠል በፀሐይ ኃይል ከአየርና ከውሃ ስኳር ይሠራል። ይህ ስኳር በግንዱ ውስጥ ባሉት ቀጫጭን ቧንቧዎች የሚጓዘው በአብዛኛው ሱክሮስ ሆኖ ነው፤ ሱክሮስም በሻያችን የምንጨምረው ስኳር ራሱ ነው። ቀሰም ወደሚያመነጨው ዕጢ ሲደርስ ኢንቨርቴዝ የሚባል ኢንዛይም ይቀበለውና እያንዳንዱን የሱክሮስ ቅንጣት ለሁለት ይከፍለዋል፤ አንደኛው ግሉኮስ፣ ሁለተኛው ፍሩክቶስ ይባላል። አንዳንዱ ተክል ብዙውን ሱክሮስ ሳይከፍል ይተወዋል፤ ሌላው ጨርሶ ይከፍለዋል። እንግዲህ የሁሉም ቀሰም መሠረት እነዚህ ሦስት ስኳሮችና ውሃ ናቸው። በዚህ ላይ ጥቂት አሚኖ አሲድ፣ ጥቂት ማዕድንና የየተክሉ ልዩ ቅመም ይጨመርበታል።

ንብ ይህን ውሃ የበዛበት ጭማቂ ወደ ቀፎዋ ወስዳ ከራሷ ኢንዛይም ትቀላቅልበታለች። ከዚያም በክንፏ እያራገበች ውሃው ከመቶ 20 እጅ በታች እስኪሆን ድረስ ታተነዋለች። ሌላው ኢንዛይሟ ደግሞ ከግሉኮሱ ላይ ጥቂት አሲድና ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ይሠራል። ማር ለብዙ ጊዜ ሳይበላሽ የሚቆየው ውሃው ስላነሰና እነዚህ ነገሮች ተሐዋስያንን ስለሚከለክሉ ነው።

ተክል ስኳሩን የሚሰጠው ግን በነጻ አይደለም። ተክል እግር ስለ ሌለው ብናኙን ወደ ጎረቤት የሚያደርስለት መልእክተኛ ያስፈልገዋል፤ ቀሰም የዚያ መልእክተኛ ደመወዝ ነው። መድኃኒቱንና መርዙን ለብቻ አስቀምጦ ለእንግዳው የሚያቀርበው ስኳሩን ነው። ለዚህም አሸንዳው ራሱ ምስክር ይሆነናል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ሊቅ ኤርምያስ ዳኜ ከጀርመናዊው ከቮልፍጋንግ ሽቴግሊሽ ጋር ሆነው ከዚህ ተክል ክኒፎሎን የተባለ ልዩ ንጥረ ነገር ለይተው በ1984 ዓ.ም. ለዓለም አስታወቁ። የአሸንዳ ሥር በአገር ባህል ለሆድ ቁርጠት ይወሰድ የነበረ ሲሆን፣ ክኒፎሎንም በቤተ ሙከራ በወባ ተሐዋሲ ላይ ተፈትኖ ኃይል እንዳለው ታይቷል። በሥሩ መድኃኒት፣ በአበባው ስኳር አለ ማለት ነው።

ባቄላ የሚቀጥረው ዘበኛ

ቀሰም የሚገኘው በአበባ ውስጥ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እንዲህ የሚያስብ ሰው ወደ ባቄላ ማሳ ወረድ ብሎ የተክሉን ቅጠል ይመልከት። ቅጠሉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጆሮ የመሰሉ ሁለት ትንንሽ ቅጠሎች አሉ፤ በእያንዳንዳቸው ላይም ጥቁር ነጥብ ይታያል። ያ ነጥብ ነውር ወይም በሽታ አይደለም፤ የቀሰም ዕጢ ነው። ከዚያ የሚወጣው ጣፋጭ ነገር ለንብ ብቻ አይደለም፤ ጉንዳንንም ይጠራል። ጉንዳኑ ስኳሩን ሲጠብቅ ቅጠል የሚበሉትን ትሎች ያባርራል፤ አንዳንድ ጊዜም ይበላቸዋል። እንግዲህ ተክሉ በአበባው መልእክተኛ፣ በቅጠሉ ደግሞ ዘበኛ ቀጠረ ማለት ነው።

ይህ በቅጠል ላይ የሚገኘው የቀሰም ዕጢ ለታሪካችን መሸጋገሪያ ድልድይ ነው። ምክንያቱም ሥጋ በል ተክሎች ተባይ የሚያጠምዱት በአበባቸው ሳይሆን፣ በቅጠላቸው ላይ ባለው እንዲህ ባለ ቀሰም ነው።

ቡና ለንብ የሚያጠጣት

ወደ ወጥመዱ ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ መካከለኛ ነገር እንይ። ደመወዝ ሁሉ ንጹሕ ስኳር አይደለም። አገሩ ኢትዮጵያ የሆነው ቡና በአበባው ቀሰም ውስጥ ጥቂት ካፌይን ይጨምራል። በ2013 ዓ.ም. ጀራልዲን ራይትና ባልደረቦቿ ሳይንስ በሚባለው መጽሔት እንደ ገለጹት፣ ካፌይን ያለበት ስኳር የቀመሱ ንቦች ከአንድ ቀን በኋላ የአበባውን ሽታ ያስታወሱት ስኳር ብቻ ከቀመሱት በ3 እጥፍ በልጠው ነው። ካፌይኑ ንቧ መራራነቱን እስክትጠላ ድረስ የበዛ አይደለም፤ ነገር ግን አእምሮዋን ለማንቃት ይበቃል። ቡና በጽዋ ለእኛ የሚያደርግልንን በአበባ ለንብ ያደርግላታል፤ ንቧም ተመልሳ ትመጣለች። በዚህ ጊዜ ተክሉ እንግዳውን በጥቂቱ አታለለ ቢባል እንኳ ሁለቱም ተጠቅመዋል።

ባለ እንስራው ተክል

አሁን ወደ ክፉው ቀሰም እንምጣ። በእስያና በማዳጋስካር ደሴት ኔፔንቴስ የሚባሉ ተክሎች አሉ። የቅጠላቸው ጫፍ ይረዝምና እንደ ትንሽ እንስራ ሆኖ ይንጠለጠላል፤ ክዳንም አለው። በአገራችን በዱር ስለማይበቅል የተለመደ የአማርኛ ስም የለውም፤ ስለዚህ በመልኩ ባለ እንስራ ብንለው ያስኬዳል። (በኢትዮጵያ ውሃዎች ግን ዩትሪኩላሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ሥጋ በል ተክሎች ይገኛሉ። እነዚህ በውሃ ውስጥ ባላቸው ትንንሽ ከረጢት ተሐዋስያንን መጥጠው ይይዛሉ።)

ተክል ሥጋ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? ቻርልስ ዳርዊን በ1875 ዓ.ም. ስለ ነፍሳት በል ዕፀዋት መጽሐፍ ካወጣ ጀምሮ ነገሩ እየተብራራ ሄዷል። እነዚህ ተክሎች ስኳር አይቸግራቸውም፤ የሚቸግራቸው ናይትሮጂንና ፎስፎረስ ነው። የሚበቅሉበት አፈር ደሃ ነው። የወሎ ገበሬ ማሳው ሲደክምበት ባቄላ ይዘራበታል፤ በባቄላው ሥር የሚኖሩ ጥቃቅን ተሐዋስያን ናይትሮጂንን ከአየር ይስባሉና በሚቀጥለው ዓመት ገብሱ ያምራል። ባለ እንስራው ግን ናይትሮጂኑን የሚያገኘው ጉንዳንና ዝንብ በልቶ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በእንስራው ከንፈር ላይ ቀሰም ይንጠባጠባል። ይህ ስኳር እርጥበትን ከአየር ይስባል፤ ከንፈሩም በጥቃቅን ቦዮች የተሰነተረ ስለ ሆነ ውሃው በላዩ ላይ እንደ ስስ ሻሽ ይዘረጋል። ሆልገር ቦንና ዋልተር ፌደርሌ በ2004 ዓ.ም. እንዳሳዩት፣ ከንፈሩ ደረቅ ሲሆን ጉንዳን በደኅና ይራመድበታል፤ ሲርስ ግን መኪና በዝናብ አስፋልት ላይ እንደሚንሸራተት ሁሉ እግሩ ከድቶት ወደ ውስጥ ይወድቃል። በእንስራው ሆድ ያለው ውሃ ኮምጣጣ ነው፤ ሥጋን የሚያሟሟ ኢንዛይምም ስላለበት የወደቀው ነፍሳት ቀስ በቀስ ይቀልጣል።

በሕንድ አገር በካሲ ኮረብቶች የሚበቅለው ኔፔንቴስ ካሲያና ደግሞ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። በኬረላ የሚገኘው የጃዋህርላል ኔህሩ የሐሩር ዕፀዋት ምርምር ተቋም የኬሚስትሪ ሊቃውንት በቅርብ ዓመታት የዚህን ተክል የከንፈር ቀሰም መረመሩ። ሱክሮስ፣ ግሉኮስና ፍሩክቶስ እንደ ማንኛውም ቀሰም አገኙበት፤ ከእነዚህ ጋር ግን አይሶሺናኖሎን የሚባል መርዝ አለ። መርዙ የሚያጠቃው አሴቲልኮሊንኤስተሬዝ የሚባለውን ኢንዛይም ነው። ስሙ ቢረዝምም ሥራው ቀላል ነው። አንድ ነርቭ ለሌላው መልእክት ሲሰድ አሴቲልኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል፤ መልእክቱ ከደረሰ በኋላ ይህ ኢንዛይም አሴቲልኮሊኑን ያጠፋዋል። ኢንዛይሙ ከታሰረ መልእክቱ ማቆሚያ ያጣል፤ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል፣ እግር አይታዘዝም። ጉንዳኑ እየጣፈጠው ሰክሮ ይወድቃል።

በሰሜን አሜሪካ ረግረግ የሚበቅለው ሳራሴኒያ ፍላቫም የዚህ ዘመድ ብልሃት አለው። በ1976 ዓ.ም. የወጣ ጥናት በዚህ ተክል ውስጥ ኮኒን የሚባለውን መርዝ አግኝቷል። ኮኒን ግሪኮች ፈላስፋውን ሶቅራጥስን የገደሉበት የሄምሎክ ተክል መርዝ ነው።

ሁሉም ባለ እንስራ ግን ገዳይ አይደለም። በቦርኒዮ ተራሮች የሚበቅለው ኔፔንቴስ ሎዊ ከክዳኑ ሥር ለትንሽ የዛፍ እንስሳ ቀሰም ያቀርብለታል። እንስሳው በእንስራው አፍ ላይ ተቀምጦ ሲልስ ኩሱን እዚያው ይጥላል፤ ተክሉም ከዚያ ናይትሮጂኑን ያገኛል። በ2009 ዓ.ም. የተገለጸው ይህ ነገር ቢያስቅም፣ ተክል እንግዳውን ሳይገድል ፍላጎቱን ሊሞላ እንደሚችል ያስረዳል።

መልእክተኛውን የማይበላ ተክል

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ጥያቄ ሳይነሣበት አይቀርም። ሥጋ በል ተክልም ያብባል፤ ብናኙን የሚያደርስለት ንብ ወይም ጥንዚዛ ያስፈልገዋል። ታዲያ መልእክተኛውን ራሱን ቢበላው ዘሩ አይጠፋም?

ተፈጥሮ ይህን ችግር በልዩ ልዩ መንገድ ፈትታዋለች። ብዙዎቹ ሥጋ በል ተክሎች አበባቸውን ከወጥመዱ ርቆ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ያወጣሉ። ሳራሴኒያ ፍላቫ በጸደይ መጀመሪያ ያብብና ወጥመዱ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ጠቅላይ ግዛት ስለሚበቅለውና ቅጠሉን እንደ መንጋጋ ስለሚገጥመው የቬነስ ዝንብ አጥማጅ በ2018 ዓ.ም. የወጣ ጥናትም ይህን ያጠናክራል። አበባውን አዘውትረው የሚጎበኙት ሦስቱ ዋነኛ ነፍሳት በወጥመዱ ውስጥ አንድም ጊዜ አልተገኙም።

ሥጋ በል የሆነው ተክል እንኳ በአበባና በወጥመድ መካከል አጥር አለው ማለት ነው። አበባውን መርዝ ቢያደርገው የሚጠፋው እርሱ ነው።

አበባን ወጥመድ የሚያደርገው ማነው?

ይህን አጥር የሚያፈርሰው ሰው ነው። በባቄላ ላይ ክሽክሽ ሲወርድ፣ በእህልም ላይ ተባይ ሲነሣ ገበሬው መድኃኒት ይረጫል። ማላታይን፣ ዳያዚኖን፣ ዳይሜቶኤት የሚባሉት መድኃኒቶች ኦርጋኖፎስፌት ከሚባለው ወገን ናቸው። እነዚህም የሚገድሉት አሴቲልኮሊንኤስተሬዝን በማሰር ነው፤ ማለትም የካሲያና ቀሰም ጉንዳኑን በሚጥልበት በዚያው መንገድ ነው። ባቄላው አብቦ ሳለ ቢረጭበት መርዙ በአበባው ላይ ያርፋል። ንቧም ስኳሩን ብላ ትመጣለች፤ ያ ደጉ አበባ ለእርሷ ባለ እንስራ ሆኗል።

ንብ ለቀሰም ከቀፎዋ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ርቃ ስለምትሄድ ቀፎው ያለበት ጓሮና መድኃኒቱ የተረጨበት ማሳ ላይተያዩ ይችላሉ። ብዙዎቹ ንቦች በመንገድ ወይም በማሳው ላይ ስለሚሞቱ ባለቤቱ ሬሳ ላያይ ይችላል፤ ቀፎው ባዶ ሲሆን ንቡ ሸሸ ይላል። ጉዳቱም በማሩ ብቻ አያበቃም። ባቄላ ንብ ሲጎበኘው ፍሬው ይጨምራል፤ እንግዲህ ክሽክሹን ለማጥፋት ሲል ንቡን የጨረሰ ሰው ከገዛ ምርቱ ላይ ቀነሰ ማለት ነው። ጉንዳኑም፣ ያ በጥቁሩ ነጥብ ደመወዝ የተቀጠረው ዘበኛ፣ አብሮ ይሞታል።

የሚረጨው ሰውም ከአደጋው ነጻ አይደለም፤ በሰው ነርቭ ውስጥ የሚሠራው ይኸው ኢንዛይም ነውና። ምራቅና ላብ ሲበዛ፣ ዓይን ሲያለቅስና ብሌኑ ሲጠብ፣ ትንፋሽ ሲያጥር ምልክቱ ነው፤ በሽተኛው ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት። ሐኪሞች ለዚህ የሚሰጡት አትሮፒን በአጥር ጥግ በሚበቅለው በአስተናግር ውስጥም ይገኛል። አስተናግር ግን ራሱ ብርቱ መርዝ ስለ ሆነ በቤት የሚሞከር ነገር አይደለም፤ መጠኑን የሚያውቀው ሐኪም ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ ናት። በሆለታ የንብ ምርምር ከተጀመረ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660 ወጥቷል። ነገር ግን በየቀበሌው ነገሩ የሚወሰነው በገበሬው፣ በልማት ሠራተኛውና በንብ አርቢው መካከል በሚደረገው ምክር ነው። ደንቡም ከባድ አይደለም። ሰብሉ ሲያብብ አለመርጨት፤ መርጨት ግድ ከሆነም ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ በምሽት መርጨት፤ ከመርጨቱ በፊት ለአካባቢው ንብ አርቢዎች ማስታወቅና ቀፏቸውን ለጊዜው እንዲዘጉ ወይም እንዲያርቁ ማድረግ፤ ከመድኃኒቶቹም መካከል ንብን እምብዛም የማይጎዳውንና ቶሎ የሚጠፋውን መርጦ መግዛት፤ የሚረጨውም ሰው አፉን፣ እጁንና ገላውን ሸፍኖ ነፋሱን በጀርባው አድርጎ መሥራት ነው።

በመካነ ሰላምም ሆነ በሌላ ወረዳ የተመደበ ወጣት የልማት ሠራተኛ ወይም የሳይንስ መምህር ይህን ለማስረዳት የውጭ አገር ባለ እንስራ አያስፈልገውም። ተማሪዎቹን ወይም ገበሬዎቹን ወደ ባቄላው ማሳ ወስዶ ጥቁሩን ነጥብ ያሳያቸው፤ ጉንዳኑ ሲልስ፣ ንቧም ከአበባው ስትገባና ስትወጣ ይመልከቱ። ከዚያ በኋላ ስለ መርጫው ቀንና ሰዓት ቢነጋገሩ፣ ነገሩ ከአዋጅ ይልቅ በዓይን ያዩት እውነት ይሆንላቸዋል።